ሦስት ኢንች ወደ ምድር

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ እሑድ ከሰዓት። ከኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባች አሮጌ ፒክአፕ መጥታ ከፊታችን ቆመች። ቆመች ብዬ ወሬውን መዝጋት አልችልም፤ ጉዷ የጀመረው ከቆመች በኋላ ነው። «ፍስስስ» የሚል የአየር ድምፅ ተሰማና መኪናዋ ከነጋቢናዋ፣ ከነስፖንዳዋ፣ ከነሹፌሯ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ወረደች፣ ወረደች፤ የጎማዎቿ አናት መከለያው ውስጥ ተሰወረ፤ ከበሮቿ በታች ያለው የቦዲዋ ጠርዝ አስፋልቱ ላይ ዐረፈ። ሹፌሩ በሩን ከፈተ። ከመኪና ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ሰውዬው ከመሬት እንደሚነሣ ሰው ወደ ላይ ተነሥቶ ወጣ!

«ምን ሆነች?» አልኩት የአክስቴን ልጅ፣ ስኒዬን እንደያዝኩ።

«ምንም አልሆነች ጋሼ፤ ቁጭ አለች» አለኝ።

ስኒዬን አስቀምጬ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ በመኪናዋና በአስፋልቱ መካከል ብርሃን ፈለግኩ፤ የለም። ዞሬ በዚያኛው ጎን አየሁ፤ በዚያም የለም። ሹፌሩ ሁኔታዬን አይቶ ፈገግ አለና እጁን በመስኮት አስገብቶ አንዲት ማብሪያ ነካ። ፒክአፗ አየር ስባ ተነሣች። ደግሞ ነካ፤ ተቀመጠች። በቃ! ልቤ እዚያው ቀረ። አሜሪካ የመጣሁት ዘመድ ለመጠየቅ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ስለዚህች መኪና ሆነ።

መገረሜ ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔ ፒክአፕ የማውቃት በቁመቷ ነው። ለሥራ ስል ቦረናን፣ አፋርን፣ የኢሉባቦርን ጭቃ በሃይሉክስ ተመላልሼበታለሁ። አገራችን ውስጥ የፒክአፕ ክብሯ ከፍታዋ ነው። ድንጋዩ ከሥሯ ሲያልፍላት፣ ጎርፉ ከበሯ በታች ሲቀርላት ትመሰገናለች። ባለቤቷ እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ባሌስትራዋ ላይ ቅጠል ያስጨምራል፤ ጎማዋንም ያስበልጣል። «ሆዷን ነካት» ከተባለ ካርተሯ ተመቷል፣ ዘይቷ ፈሷል፣ የዚያን ቀን መንገድም እዚያው አብቅቷል ማለት ነው። እዚህ ደግሞ ሆዷ መሬት እንዲነካ ብለው ወራት የሚደክሙ፣ ሲነካላቸውም እንደ ልጅ የሚደሰቱ ሰዎች አሉ። ይህን በዓይኔ ሳላጣራ ወደ አገሬ የምመለስበት ልብ አልነበረኝም።

ማጣራቱን የጀመርኩት ከዚያው ጎዳና ነው። የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው የእኛ ሰፈር ወደ ሰሜን በእግር ስትሄዱ፣ ፌርፋክስ ከዊልሸር ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም ቆሟል። በ1994 የተከፈተ ነው፤ በ2015 ሲታደስ ደግሞ ቀዩ ሕንፃ ዙሪያውን የሚጠማዘዙ የብረት ጥብጣቦች ለበሰ። ከሽሮው መዓዛ እስከ መኪናው ዓለም ያለው ርቀት የአንድ አጭር ወግ ያህል ነው! እዚያ ያየሁትንና የአክስቴ ልጅ እየሄድን የነገረኝን ሳገጣጥም ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ተገለጠልኝ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች አሮጌ ሸቭሮሌዎችን እየገዙ ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ሌላው ወጣት ለፍጥነት ሲሽቀዳደም እነሱ ዊትየር ቡልቫርድ ላይ ዝቅ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ አምረው መታየትን መረጡ። በመጀመሪያ ዘዴው ቀላል ነበር፤ የአሸዋ ከረጢት ኋላ ላይ መጫን ወይም ሞላውን ቆርጦ ማሳጠር። የካሊፎርኒያ ሕግ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ይህን ከለከለ። ተለውጣ ከቸርኬዋ የታችኛ ጠርዝ በታች የወረደ አካል ያላት መኪና መንገድ ላይ እንዳትነዳ ተባለ። ወጣቶቹ ተስፋ ቆረጡ? በፍጹም! በ1959 ሮን አጊሬ የተባለ ሰው ኮርቬቱ ላይ ከአውሮፕላን ዕቃ የተገኘ ሃይድሮሊክ ገጠመ። ሲፈልግ ከፍ፣ ሲፈልግ ዝቅ የምትል መኪና ተወለደች። ሕጉ ሲመጣ መነሣት፣ ሕጉ ሲያልፍ መቀመጥ ተቻለ። ይህን ሳነብ ሙዚየሙ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ፒክአፖቹ የመጡት ቆይተው ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ትንንሾቹ የጃፓን ፒክአፖች፣ ዳትሰን፣ ቶዮታ፣ ማዝዳ፣ በዋጋቸው ርካሽነት የወጣቱ የመጀመሪያ መኪና ሆኑ። ሸቭሮሌም በ1982 ሞዴል ኤስ-10ን ይዞ ገባበት። ታላላቅ ወንድሞች ሸቭሮሌ ኢምፓላቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ያዩ ታናናሾች ፒክአፓቸውን ዝቅ አደረጉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ግድግዳ ገጠማቸው። ፒክአፕ ሻንሲዋ ሌላ፣ ቦዲዋ ሌላ ነው። ሻንሲው ከታች ተዘርግቶ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና አክስሉን ይሸከማል፤ ጋቢናውና የጭነት ሳጥኑ ከላይ ይቀመጡበታል። ሞላና ባሌስትራ ብታወጡ፣ አየር ብትገጥሙ፣ የምትወርደው ሻንሲው መሬት እስኪነካ ድረስ ነው። ቦዲዋ ግን አሁንም ጥቂት ኢንች ከፍ ብላ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ያቺን የመጨረሻ ክፍተት ማጥፋት ነው የዚህ ሥራ ጥበብ። እዚህ «ቦዲ ድሮፕ» ይሉታል። ሥሩ ከዚያም ይርቃል፤ አሮጌ ፎርዶችን ለውድድር የሚያሻሽሉ ሰዎች ከብዙ ዓመታት በፊት ወለሉን ቆርጠው ቦዲውን በሻንሲው ላይ ቁልቁል ያሰምጡት ነበር።

«ማንበቡ ይብቃህ ጋሼ፤ ሲቆረጥ ላሳይህ» አለ የአክስቴ ልጅ። በማግስቱ በ10 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፖሞና ነዳን። በግራችን የሳን ገብርኤል ተራሮች ተደርድረዋል። ስማቸውን ስሰማ በልቤ ተሳለምኩ።

ጋራዡ በሩን ከፍቶ ሲቀበለኝ መጀመሪያ ያወቀኝ ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ብረት፣ ቲነር፣ እርጥብ ስቱኮ። ዓይኔን ብጨፍን አዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ጋራዦች በአንዱ ውስጥ ነኝ! ዓይኔን ስከፍት ግን ልዩነቱ ታየኝ። ወለሉ በውሃ ልክ የተስተካከለ ነው፤ ግድግዳው ላይ ክላምፕ፣ ሜትርና ማዕዘን መለኪያ በመጠን በመጠን ተሰቅለዋል። ባለ ጋራዡ ጸጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው በብየዳ ብልጭታ የተነቆጠ የሜክሲኮ ተወላጅ አዛውንት ናቸው። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ ወንበር አቀረቡልኝ፤ እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ወለሉ ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ማዝዳ ፒክአፕ ሻንሲዋን መሬት ላይ አሳርፋ ትጠብቀናለች።

አዛውንቱ በርከክ አሉና ከበሩ በታች ባለው ጠርዝና በወለሉ መካከል ጣቶቻቸውን አስገቡ። ጣቶቻቸው አለፉ።

«ሻንሲዋ መሬት ነክቷል፤ እሷ ግን ገና አልደረሰችም» አሉ። ሜትራቸውን ዘርግተው ለኩ። «ሦስት ኢንች።»

ሦስት ኢንች ሰባት ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። ጋራዡ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ፣ የሚመጡት ሳምንታት ድካም ሁሉ ለዚያች ጣት ለምታሳልፍ ክፍተት ነው። ሁሉም የሚጀምረው በዚህ ልኬት መሆኑን ነገሩኝ። መጀመሪያ መኪናዋን እስከ መጨረሻው አስቀምጥ፤ ከዚያ ከጠርዝ እስከ መሬት ለካ፤ የምታወርደው ያንኑ ነው። ከዚያ ያነሰ ካወረድክ አትደርስም፤ ከዚያ ያለፈ ካወረድክ ቦዲዋ ቀድማ መሬት ትመታና ክብደቱ ሁሉ በቀጭን ላሜራ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። መንገዶቹ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ዋነኞች ናቸው።

የመጀመሪያው የቀድሞዎቹ መንገድ ነው። ጋቢናው ባዶ ይሆናል፤ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ክሩስኮቶ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ ይወጣል። ባትሪው ይነቀላል፤ ነዳጁ ከአካባቢው ይርቃል። ቀጥሎ አዛውንቱ ከአንዱ የበር ምሰሶ ወደ ሌላው የብረት ዘንጎች በየዳቸው። «ወለሉን ሳወጣባት አጥንቷ እንዳይላላ ነው» አሉኝ። ጋቢና ወለሉ ሲወጣለት ይለጠጣል፤ ያኔ በሩ ዳግም አይገጥምም። ዘንጎቹ የሚነሡት ሁሉም ከተበየደ በኋላ ብቻ ነው።

ከዚያ በጠመኔ የወለሉን ዙሪያ አሰመሩ። ከጎን ጠርዞቹ፣ ከኋላው ግድግዳና ሞተሩን ከጋቢናው ከሚለየው ግድግዳ ጥቂት ከንፈር አስቀርተው ቆረጡ። ብልጭታው ጋራዡን ሞላው፤ እኔም የተሰጠኝን መነጽር አጥልቄ ቀረብኩ። ይህን ጊዜ ያየሁትን መቼም አልረሳም። ወለሉ ተቆርጦ ያበቃል፤ ግን ከቦታው አይነቃነቅም! በቡሎን ከሻንሲው ጋር እንደታሰረ ቁጭ ብሏል። የሚንቀሳቀሰው ጋቢናው ነው። ክሪኮቹን በየማዕዘኑ ቀስ በቀስ ሲያላሉ፣ የሞሰብ ክዳን በሞሰቡ ላይ ቁልቁል እንደሚገጥም፣ ጋቢናው በወለሉ ዙሪያ ወረደ። አንድ ኢንች። ውሃ ልክ ታየ። ሁለት ኢንች። እንደገና ታየ። ሦስት። ጠርዟ ኮንክሪቱን ስትነካ የሰማሁት ድምፅ ትንሽ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ጩኸት ግን ትልቅ ነበር፤ የእኔም እንዲሁ!

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ የዚያው ማረጋገጫ ሆነ። ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር ለብቻው የለም። ቦዲዋ ሦስት ኢንች ስትወርድ፣ በእሷ ዓይን ሲታይ፣ ከሥሯ ያለው ሁሉ ሦስት ኢንች ወጣ። ወለሉ ወጣ፤ ስለዚህ ወንበሩ ጣሪያውን ተጠጋ፤ የወንበሩ እግር ተቆርጦ ማጠር አለበት። የካምቢዮው መተላለፊያ ጉብታ ወጣ። መሪው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ዘንግ ላይ ማዕዘኑ ተለወጠ። ሞተሩ ሻንሲው ላይ ስለተቀመጠ ቦዲዋ ስትወርድበት ወደ ኮፈኑ ሽቅብ ተጠጋ፤ አንዳንዱ ጭራሽ ኮፈን አላስዘጋ ይላል። ለዚያ ደግሞ ወይ የሞተሩን መቀመጫ ዝቅ አድርጎ መሥራት፣ ወይ የአየር ማስገቢያውን ማሳጠር፣ ወይ የኮፈኑን የውስጥ ማጠናከሪያ መቁረጥ ያስፈልጋል። ራዲያተሩም የሚይዘው ብረት ተቆርጦ ይስተካከልለታል። የፊት ጎማዎች መሸሸጊያ ይፈልጋሉ፤ የውስጥ መከለያው ይቆረጥና ትልቅ ሆኖ ይሠራል። ኋላ ደግሞ የጭነት ሳጥኑ ወለል ከፍ ይላል፤ የነዳጁ ታንክ አዲስ ቤት ይፈለግለታል፤ ማርሚታው የሚተኛበት ቦታ ይታሰብለታል።

«ማውረዱ ቀላል ነው፤ ሥራው ከላይ ያለው ነው» አሉ አዛውንቱ።

እንዴት ያለ ጉድ ነው! መንገድ ላይ የሚያየው ሰው የተቀመጠች መኪና ያያል። ለዚያች መቀመጥ ስንት ነገር እንደተነሣ ማን ያያል?

ሁለተኛው መንገድ ጋቢናውን አይነካም፤ ግራይንደሩ ወደ ሻንሲው ይዞራል። ወለሉ እንደ ፋብሪካው ይቀራል፤ ወንበሩም፣ ምንጣፉም፣ ከራስ እስከ ጣሪያ ያለው ርቀትም እንዳለ ነው። በምትኩ ከጋቢናው ሥር ያሉት ሁለቱ የሻንሲ ክንዶች ይወጡና ቁመቱ ባጠረ፣ ግድግዳው በወፈረ ቱቦላሬ ይተካሉ። ከጎን ስታዩት አዲሱ ሻንሲ ከፊት ጎማዎች ላይ ከፍ ይላል፣ ከጋቢናው ሥር ደረጃ ወርዶ ይቀጥናል፣ ወደ ኋላ አክስል ሲደርስ እንደገና ይወጣል። ሻንሲው ከታች በኩል የቀነሰውን ያህል ጠርዟ ወደ መሬት ትደርሳለች። ከሞተሩና ከካምቢዮው ሥር የሚንጠለጠል ነገር ከዚያች አዲስ መስመር በታች እንዳይቀር ደግሞ አንድ በአንድ ይታያል።

«የትኛው ይሻላል?» ስል ጠየቅኩ።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወለል ሲበላሽ ታድሰዋለህ። ሻንሲ ግን ሰው ተሸክሟል፤ እዚያ ላይ ግምት የለም።»

ከዚያ ጥግ ላይ ወደቆመ ሌላ ሻንሲ ወሰዱኝ። ብየዳውን በጣቴ እንድነካው ፈቀዱልኝ። አሮጌውና አዲሱ ብረት የተገናኙት ቀጥ ባለ መስመር አይደለም፤ በሰያፍ በተቆረጠ መስመር ነው። በላዩ ላይ ጫፉ የሾለ ወፍራም ሰሌዳ ተደርቦ ዙሪያውን ተበይዷል። ጭነቱ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ እንዳይወድቅ፣ በሰፊው እንዲከፋፈል ነው። ከመቆረጡ በፊት ሻንሲው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ታስሮ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይለካል፤ ከተበየደ በኋላም እንደገና ይለካል። ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ መኪናዋ መንገድ ላይ ወደ ጎን ትጎትታለች። ብየዳውም ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ ትንፋሽ አይሄድም፤ ጥቂት እዚህ፣ ጥቂት እዚያ እየተባለ ብረቱ እንዳይጣመም ይጠበቃል። ስንት የመርካቶ በያጅ ይህን በእጁ ያውቀዋል! የአይሱዙ የጭነት ቦዲ ከቱቦላሬና ከላሜራ ከባዶ የሚያቆሙት የእኛ ሰዎች እዚህ ቢቆሙ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ከሁሉ ቀላሉ በቦዲና በሻንሲ መካከል ያሉትን የጎማ መቀመጫዎች በቀጫጭን መተካት ነው፤ የምታተርፉት ጥቂት ነው፣ ለጀማሪ ግን ጣዕሙን ያቀምሳል። ከሁሉ ከባዱ ደግሞ የፋብሪካውን ሻንሲ ጨርሶ ትቶ ለዚያች ቦዲ ብቻ ተብሎ አዲስ ሻንሲ ከባዶ መሥራት ነው። የትኛውም ተመረጠ፣ የኋላው አክስል መውጫ ይፈልጋል። መኪናዋ ስትቀመጥ አክስሉ ሽቅብ መጥቶ ሻንሲውን ስለሚመታ፣ በዚያ ቦታ ሻንሲው በግማሽ ክብ ይቆረጥና በወፍራም ብረት ይጠናከራል። ያቺ ግማሽ ክብ ለእኔ የሥራው ሁሉ ፊርማ ሆና ታየችኝ፤ ከላይ ማንም አያያትም፣ ያለ እሷ ግን ምንም አይሆንም።

አየሩስ? የሚገርመው እሱ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ሳየው ከሁሉ ቀላሉ እሱ ሆነ። ባሌስትራው ወጥቶ አክስሉ በብረት ዘንጎች ይያዛል። በየጎማው አቅጣጫ ከወፍራም ጎማ የተሠራ ከረጢት ይገባል። በባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር አየሩን ወደ ታንክ ይሞላል፤ ቫልቭ ሲከፈት አየሩ ወደ ከረጢቶቹ ይገባና መኪናዋ ትነሣለች፣ ሲለቀቅ ትቀመጣለች። ስትሄድ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብላ ነው፤ መሬት የምትነካው ስትቆም ነው። የፌርፋክሷ «ፍስስስ» ምስጢሯ ይኸው ነበር።

ወደ ማታ አዛውንቱ ያለቀች ሰማያዊ ኤስ-10 አስነሥተው «ና ግባ» አሉኝ። ገባሁ። በሃይሉክስ ስሄድ ዓለምን ቁልቁል አይ ነበር፤ የሰው አናት፣ የአጥር ውስጥ፣ የሸለቆው ግርጌ ይታየኝ ነበር። እዚህ ዓለም ሽቅብ ሆነ! የመስኮቱ ጠርዝ ትከሻዬ ጋ ደረሰ። ከጎናችን የቆመው ከባድ መኪና ጎማ ከዓይኔ ፊት ለፊት ተደቀነ። የቆሙ ሕፃናትን ፊት ለፊት አየኋቸው፤ እጃቸውን አወዛወዙልኝ፣ እኔም አወዛወዝኩ። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ አንሄድም፤ ግን መንገዱ ቅርብ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጭ መስመር ሲሮጥ ይታያል። ከፍታ መንገድን ያርቃል፤ ዝቅታ ግን ወደ ጎዳናው መሐል ያስገባል። ይህን በመጽሐፍ ቢነግሩኝ ባልገባኝ ነበር።

የደረስነው ብዙ ፒክአፖች ወደተሰበሰቡበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው። ተራ በተራ እየመጡ ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይቀመጣሉ። አባቶች ከልጆቻቸው ጋር፣ ሴቶች በራሳቸው እጅ የበየዱትን ሻንሲ እያሳዩ፣ ጎረምሶች ኮፈን ከፍተው እየተከራከሩ፤ ታኮ የሚጠበስበት ጭስ በመካከላቸው። ጠያቂ ሲያገኙ ደስታቸው ወሰን የለውም። «ወለል ነው ሻንሲ?» ብዬ ስጠይቅ ዓይናቸው ይበራል፤ ወዲያው ይጎነበሱና ሥሩን ያሳዩኛል። የማላውቃቸው ሰዎች አስፋልት ላይ ከጎኔ ተኝተው የእጅ ባትሪ ያበሩልኛል። አገር ቤት ለእንግዳ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ እዚህ የቀረበልኝ የመኪና ሆድ ነው፤ በሙሉ ልብ ተቀበልኩት!

አንዱ ከሥሯ የታይታንየም ቁራጭ የገጠመላትን ፒክአፑን ከባዶው ሜዳ ጫፍ አምጥቶ እየሄደች ሳለ ዝቅ አደረጋት። ነጭ የእሳት ጅራት ከኋላዋ ተዘረጋ። ሕዝቡ ጮኸ። አዛውንቱ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ በእሳቸው ወጣትነት ፖሊስ ሜትር ይዞ ጎንበስ እያለ ይለካቸው እንደነበር ነገሩኝ። ያ የ1950ዎቹ ክልከላ የተነሣው በቅርቡ ነው። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በ2023 ሕጉን የሚሽረውን ረቂቅ ፈረሙ፤ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዝቅ ብሎ በከተማ ጎዳና መንሸራሸር በካሊፎርኒያ ክልክል መሆኑ ቀረ። ስድስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሰዎች የሚወዱትን ነገር በድብቅና በቅጣት መካከል ይዘው ቆይተው ተፈትቶላቸው በዓይኔ ማየቴ አስደሰተኝ። ይህ ፍቅር በሕግ ቢፈቀድም ባይፈቀድም የሚቀጥል እንደነበር ፊታቸው ይናገራል።

አሁን ሐሳቤ ሁሉ አዲስ አበባ ነው። ያረጁ፣ ሻንሲያቸው ጤነኛ የሆነ ስንት ሃይሉክሶችና ዳትሰኖች በየግቢው ቆመዋል! ዋና ዋና መንገዶቻችን እየሰፉና እየተስተካከሉ ነው፤ የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ሲመጣ ደግሞ አየሩ ያነሣታል። ቱቦላሬው መርካቶ አለ። ሰያፍ ልኬት የማይስት ዓይን፣ በአንድ ምሽት ቦዲ የሚያቆም እጅ አለ። የሚያስፈልገው አንድ ደፋር ባለ ፒክአፕና አንድ በሥራው የሚኮራ በያጅ ብቻ ነው። እኔ ስመለስ ቀጥታ የምሄደው ሶማሌ ተራ ነው፤ አዛውንቱ በካርቶን ላይ የሣሉልኝን የሻንሲ ንድፍ ለማያቸው በያጆች ሁሉ አሳያለሁ። መጀመሪያ «ምን ሆነሃል?» ይሉኛል፤ ዝርዝሩን ሲሰሙ ግን ሜትር ያነሣሉ። እርግጠኛ ነኝ፤ ጥሩ ባለሙያ የሚቸግር ነገር ሲያይ እጁ አርፎ አይቀመጥም።